የሊል-ቬርት የአረጋውያን መኖሪያ ቃጠሎ፦ በአንድ ሌሊት 32 አረጋውያንን ያጣች መንደር

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 2014 ከእኩለ ሌሊት ጥቂት እንዳለፈ፣ በካናዳ ኩቤክ ግዛት በሊል-ቬርት መንደር በሚገኝ «ሬዚደንስ ዱ አቭር» በተባለ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ እሳት ተነሥቶ የ32 ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። አደጋው በካናዳ በአረጋውያን መኖሪያዎች ላይ ከደረሱት ቃጠሎዎች እጅግ አስከፊ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ሊል-ቬርት በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከኩቤክ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። በአደጋው ጊዜ የሕዝቧ ቁጥር 1,500 እንኳ አይሞላም ነበር። በመሆኑም ከ100 ነዋሪዎች 2 ያህሉ በአንድ ሌሊት አለቁ ማለት ነው። በመኖሪያው ከ50 በላይ አረጋውያን ይጦሩ የነበረ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከ85 ዓመት በላይ ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር ወይም በምርኩዝ የሚንቀሳቀሱ፣ የማስታወስ ችሎታቸው የደከመም ነበሩባቸው።

የሞትና የሕይወት ድንበር የሆነው የሕንፃው አሠራር ነው። ባለ ሦስት ፎቁ ነባሩ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1997 ከእንጨት የተሠራ ሲሆን፣ አዲሱ ክፍል በ2002 ተጨምሮበታል። በአዲሱ ክፍል ሙቀት ሲሰማው ከጣራ ላይ ውኃ የሚረጭ የእሳት ማጥፊያ ተዘርግቶ ነበር፤ በነባሩ ግን አልነበረም። ሁለቱን የሚለይ እሳት የማያሳልፍ ግድግዳም ቆሟል። እሳቱ ነባሩን ክፍል ሙሉ በሙሉ ሲያወድም ግድግዳው ላይ ደርሶ ተገታ፤ ከግድግዳው ወዲያ ያደሩት አረጋውያን በሕይወት ወጡ። በነባሩ ክፍል የውኃ መርጫ አለመኖሩ ግን ሕግ መጣስ አልነበረም። የወቅቱ ደንብ ነዋሪዎቻቸው ራሳቸውን ችለው ይንቀሳቀሳሉ ተብለው የተመዘገቡ መሰል ቤቶችን አያስገድድም ነበር። አንድ ሰው ሲገባ ራሱን ችሎ ይራመድ ይሆናል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ያው ሰው ያለ ደጋፊ ከአልጋው አይነሣም። መዝገቡ ይህን አይከተልም።

የመንደሪቱ የእሳት አደጋ ተከላካዮች በሌላ ሥራ የሚተዳደሩ፣ ሲጠሩ ከየቤታቸው የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱም መካከል ዘመዶቻቸው በሚቃጠለው ሕንፃ ውስጥ የነበሩ ይገኙባቸዋል። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ የደረሰ ብርድና ኃይለኛ ነፋስ ነበረበት። ነፋሱ እሳቱን አባባሰው፤ የተረጨው ውኃ ደግሞ በፍርስራሹ ላይ ወደ በረዶነት ተለወጠ።

በማግሥቱ የሟቾችን አስከሬን መፈለግ ራሱ ከባድ ፈተና ሆነ። ፍርስራሹ በወፍራም በረዶ በመሸፈኑ ቆፍሮ ማውጣት አስከሬኖቹን ሊጎዳ ይችል ነበር። ስለዚህ ከመርከቦች ላይ በረዶ ለማቅለጥ የሚያገለግሉ የእንፋሎት መሣሪያዎች መጡና በረዶው ቀስ በቀስ እንዲቀልጥ ተደረገ። ቤተሰቦች ወላጆቻቸው እንደሞቱ ልባቸው እያወቀ፣ እርግጡን ለመስማት ለቀናት ጠበቁ። ቀብር የሌለው ኀዘን እንዴት እንደሚከብድ መንደሪቱ በእነዚያ ቀናት አየች።

የግዛቲቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ፖሊን ማርዋ በስዊዘርላንድ ዳቮስ የነበራቸውን ጉብኝት አቋርጠው ተመለሱ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን በመንደሪቱ ቤተ ክርስቲያን በተካሄደው የጸሎት ሥነ ሥርዓት ላይ እርሳቸውና የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር ተገኝተዋል። ኩቤክ በጁላይ 2013 በላክ-ሜጋንቲክ ከተማ ነዳጅ የጫነ ባቡር ፈንድቶ 47 ሰዎች ከሞቱባት ገና 7 ወር አልሞላትም ነበር።

ጉዳዩን በይፋ እንዲመረምሩ የተሾሙት ሲሪል ደላዥ ሪፖርታቸውን በ2015 አቀረቡ። የእሳቱ መነሻ በእርግጠኝነት ሊታወቅ አልቻለም። ሪፖርቱ ይበልጥ ያተኮረው ከእሳቱ በኋላ በሆነው ላይ ነው፤ የአጎራባች ከተሞች የእሳት አደጋ ተከላካዮች ወዲያውኑ አለመጠራታቸውና የሌሊቱ ሠራተኛ ቁጥር ማነስ ተነሥተዋል። ራሳቸውን አንሥተው መውጣት የማይችሉ በርካታ አረጋውያን ባሉበት ቤት ብቻውን ተረኛ ሆኖ ማደር ምን ማለት እንደሆነ፣ በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎች ያለ ሪፖርትም ያውቁታል።

ጥያቄው ለአካባቢው አዲስ አልነበረም። በዚያው የባ-ሴን-ሎራን ክልል በኖትር-ዳም-ዱ-ላክ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1969 በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ላይ በደረሰ ቃጠሎ 54 ሰዎች ሞተው ነበር። ከሊል-ቬርት በኋላ ግን የኩቤክ መንግሥት የውኃ መርጫው በነባር የአረጋውያን መኖሪያዎችም ጭምር እንዲተከል ደነገገ፤ ለዚህም የ5 ዓመት ጊዜና የገንዘብ ድጋፍ ሰጠ። አፈጻጸሙ ግን ቀላል አልሆነም። በገጠር ላሉ አነስተኛ መኖሪያዎች ወጪው ከአቅም በላይ በመሆኑ የጊዜ ገደቡ ደጋግሞ ተራዘመ፤ ለትንንሾቹም ግዴታው ላላ። አንድ ትንሽ መኖሪያ ሲዘጋ በውስጡ የሚጦሩት አረጋውያን ብዙ ጊዜ ከተወለዱበት መንደር ርቀው፣ ልጆቻቸው በየቀኑ ሊጠይቋቸው ወደማይችሉበት ከተማ ይሄዳሉ።