አሮጌ የቤተ ሰብ አውቶሞቢል ሀብት ይሆናልን?

ሰው ከዕለት ጉርሱና ከዓመት ልብሱ የተረፈችውን ጥቂት ገንዘብ ወዴት እንደሚያኖራት ማሰቡ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። አባቶቻችን በመሬት፣ በከብት፣ በወርቅና በማርትሬዛ ብር ያኖሩ ነበር። በዘመናችን ደግሞ ገንዘባቸውን በአሮጌ አውቶሞቢል ላይ ለማኖር የሚያስቡ ሰዎች ተነሥተዋል። ይህም ሐሳብ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ትናንት ከውዳቂ ብረት ጋራ ይጣል የነበረ የቤተ ሰብ መኪና ዛሬ በሐራጅ በብዙ ገንዘብ ሲሸጥ ስለ ታየ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በዕድሜ የሚበልጡን አንድ የሥራ ባልደረባ ስለዚሁ ነገር ጠየቁን። ለልጆቻቸው ትምህርት ብለው ከደመወዛቸው ለብዙ ዓመት የቈጠቡት ገንዘብ አለ። አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ለሽያጭ መቅረቧን ሰምተዋል። «ገዝቼ ባስቀምጣት ከዐሥር ዓመት በኋላ ዋጋዋ እጥፍ ይሆናልን?» አሉን። እኛም የነገውን መተንበይ ባይቻለንም ያለፈውን መመርመር ይቻላልና፣ ታሪክ በዚህ ነገር ላይ የሚሰጠውን ምስክርነት ከዚህ ቀጥለን እንጽፋለን። የውጭ አገሩን ታሪክ በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ የአገራችንን በአገራችን አቈጣጠር ማስፈራችንን አንባቢ ይገንዘብልን።

የቤተ ሰብ አውቶሞቢል ታሪክ የሚጀምረው አሜሪካዊው ሄንሪ ፎርድ በ1908 ዓ. ም. «ሞዴል ቲ» የተባለውን መኪና ለገበያ ባወጣ ጊዜ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ከዚያ በፊት አውቶሞቢል የባለጸጎች መጫወቻ ነበር። ፎርድ ግን ሠራተኛው በቦታው ቆሞ ሥራው በፊቱ እንዲያልፍ በማድረጉ፣ መጀመሪያ 850 ዶላር ይሸጥ የነበረው መኪና በ1925 ዓ. ም. እስከ 260 ዶላር ድረስ ወረደ። እስከ 1927 ዓ. ም. ድረስም ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠራ። እንግዲህ ዋጋን የሚያወጣው ዕድሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ይህ መቶ ዓመት ያለፈው መኪና እጅግ ውድ በሆነ ነበር። ነገር ግን ብዙ ተሠርቶ ብዙ ስለ ተረፈ፣ በልጅነታቸው የተሳፈሩበትም ሰዎች ስላለፉ፣ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ አዲስ መኪና ባነሰ ዋጋ ይገኛል። የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ እርጅና ብቻውን ክብር አይሆንም።

ባልደረባችን የጠየቁን ስለ ቮልስዋገን ስለ ሆነ የእርስዋን ታሪክ ጥቂት ሰፋ አድርገን እናወሳለን። በሂትለር ዘመን ለጀርመን ሕዝብ የሚሆን ርካሽ መኪና እንዲሠራ ለመሐንዲሱ ለፈርዲናንድ ፖርሽ ተሰጠ። ዋጋውም 990 ማርክ እንዲሆን ተወሰነ። በ1938 ዓ. ም. በግንቦት ወር የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። በዚያው ዓመት መኪናው ገና ሳይሠራ ሕዝቡ እንዲቈጥብ ተጠራ። ገዢው በየሳምንቱ ቢያንስ የአምስት ማርክ ቴምብር እየገዛ በደብተር ላይ ይለጥፋል፤ ደብተሩ ሲሞላ መኪናውን ይረከባል ተባለ። ወደ 336,000 የሚሆኑ ሰዎች በዚህ ውል ገቡ። በ1939 ዓ. ም. ግን ጦርነት ተነሣ፤ ፋብሪካውም ለጦር ሠራዊት የሚሆን መኪና ወደ መሥራት ተመለሰ። ከነዚያ ሁሉ ቈጣቢዎች መኪናውን የተረከበ አንድ ስንኳ አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ ቈጣቢዎቹ ክስ አቀረቡ። ክርክሩ ለብዙ ዓመታት ሲጓተት ቆይቶ በ1961 ዓ. ም. በስምምነት አለቀ። በዚህም ስምምነት አዲስ ቮልስዋገን ለሚገዛ ሰው ከዋጋው እስከ 600 ማርክ ይቀነስለታል፤ መኪናውን የማይፈልግ ደግሞ እስከ 100 ማርክ በእጁ ይሰጠዋል ተባለ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ልጆች አድገው፣ ወጣቶች ሸምግለው፣ አባቶችም ሞተው ነበር። ከወር ደመወዝ ተቀንሳ የምትቀመጥ ገንዘብ ምን ያህል ክብር እንዳላት የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ሲያነብ ልቡ ሳይነካ አይቀርም። ሁለተኛው ትምህርትም በዚህ ይገኛል፤ ይመጣል የተባለውን ትርፍ እንደ መጣ አድርጎ መቍጠር አይገባም።

በ1945 ዓ. ም. በቦምብ የተጐዳው ፋብሪካ በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር ሆነ። ሻለቃ አይቫን ሂርስት የተባለው መኰንን ሥራውን እንደገና አስጀመረ። መኪናውን የመረመሩት የእንግሊዝ አገር ባለፋብሪካዎች ገበያ አያገኝም ብለው ናቁት። በ1948 ዓ. ም. ሃይንሪኽ ኖርድሆፍ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። በ1955 ዓ. ም. አንድ ሚሊዮንኛው መኪና ወጣ፤ በየካቲት 1972 ዓ. ም. ቍጥሩ ሞዴል ቲን በለጠ፤ የመጨረሻውም መኪና በሐምሌ 2003 ዓ. ም. በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ሲሠራ ጠቅላላው ድምር 21,529,464 ደረሰ። ባለሞያዎች የናቁትን ሕዝብ ወደደው።

ከሃያ አንድ ሚሊዮን መኪናዎች መካከል ታዲያ ሰብሳቢዎች የሚሹት የትኛውን ነው? ለማያውቅ ሰው ሁሉም አንድ ይመስላል፤ የሚያውቅ ግን አስቀድሞ የኋላውን መስተዋት ይመለከታል። እስከ 1953 ዓ. ም. መጀመሪያ ድረስ የተሠሩት የኋላ መስተዋታቸው ለሁለት የተከፈለ ነው። ከዚያ እስከ 1957 ዓ. ም. ድረስ ያሉት እንደ እንቍላል ሞላላ ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉት ሰፊና አራት ማዕዘን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ስለ ሆኑ እጅግ ይፈለጋሉ፤ ከሁሉም በኋላ የመጡትና በብዛት የተሠሩት ግን ዋጋቸው ዝቅ ያለ ነው። በዚያው ኩባንያ የተሠራውም የቤተ ሰብ አውቶቡስ እንደዚሁ ነው። በ2011 ዓ. ም. በካሊፎርንያ በተደረገ ሐራጅ አንድ የ1963 ዓ. ም. ባለ 23 መስኮት አውቶቡስ ከ200,000 ዶላር በላይ ተሸጠ። ይህ አውቶቡስ በዘመኑ ልጆችና ጓዝ ይጫንበት የነበረ፣ ሲያረጅም የትም የሚጣል ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል እንደሚባለው፣ ሁሉም ስለ ጣለው ያልጣለው ሰው ተጠቀመ። ይሁን እንጂ ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን ለትርፍ ብሎ የገዛ አልነበረም፤ ስለ ወደደው ብቻ ያኖረው ነበር።

አሁን ወደ አገራችን ጉዳይ የሚያደርሰንን ሌላ ምሳሌ እናምጣ። በምሥራቅ ጀርመን ከ1957 እስከ 1991 ዓ. ም. «ትራባንት» የሚባል ትንሽ የቤተ ሰብ መኪና ይሠራ ነበር። ገላው ከብረት ሳይሆን ከጥጥ ጭረትና ከሙጫ በተጠፈጠፈ ነገር የተበጀ ነው። ገዢው ስሙን ካስመዘገበ በኋላ ከዐሥር ዓመት በላይ ተራ ይጠብቅ ስለ ነበር፣ ያገለገለው ትራባንት ከአዲሱ በበለጠ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ባለቤቶቹም ትልቅ ሀብት የያዙ መሰላቸው። በኅዳር 1989 ዓ. ም. የበርሊን ግንብ ሲከፈት ግን የምዕራቡ መኪና እንደ ጎርፍ ገባ፤ የትራባንትም ዋጋ ባንድ ጊዜ ወደቀ፤ ብዙዎቹም በየመንገዱ ዳር ተጥለው ቀሩ። ዛሬ የሚወዱት ሰዎች በማኅበር ተሰብስበው ይንከባከቡታል፤ ነገር ግን ይህ ሁለተኛው ክብር ከመጀመሪያው ዋጋ ጋራ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው የመጣው በሩ ስለ ተዘጋ ነው፤ ሁለተኛው የመጣው ከትዝታ ነው።

በአገራችንም ይህን ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል። በ2012 ዓ. ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ. ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተገለጸ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ የብር ዋጋ ወረደ። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ያገለገለች ቶዮታ ኮሮላ ዋጋዋ ከዓመት ዓመት ሲጨምር ብናይ፣ መኪናዪቱ ቅርስ ሆነች ማለት አይደለም። ከፊሉ የበሩ መጥበብ ነው፤ ከፊሉም የምንቈጥርበት ብር ማነሱ ነው። በር የተዘጋ እንደ ሆነ ሊከፈት ይችላል፤ በነዳጅ ፈንታም በኤሌክትሪክ የሚሄደው ሊበዛ ይችላል። በዚህ ዐይነቱ ዋጋ ላይ የተመሠረተ ተስፋ በትራባንት ባለቤቶች ላይ የደረሰው ሊደርስበት ይችላል።

ቮልስዋገን ግን በአዲስ አበባ ከትዝታም ድርሻ አላት። ብዙ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች መጀመሪያ የነዱት እርስዋን ነው፤ ሕዝቡም «ቮልስ» ብሎ በቍልምጫ ይጠራታል። በታሪክም ውስጥ ገብታለች፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ. ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። በታላላቅ አውቶሞቢሎች ይታጀቡ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት በተራው ሰው መኪና መሄዳቸው ያን ቀን ለሚያስታውሱ ሁሉ የማይረሳ ሆኖአል። እንዲህ ያለው ትዝታ በአዋጅ አይመጣም፤ በአዋጅም አይጠፋም።

ከዚህ በኋላ ወደ ሒሳቡ እንግባ። ለማስላት ያህል አንድ ሰው መኪናውን በ400,000 ብር ገዛ እንበል። ለቦሎ፣ ለመድን፣ ለዘይት፣ ለጎማ፣ ለመለዋወጫ፣ ለመካኒክና ለማቆሚያ ስፍራ በዓመት 40,000 ብር ቢያወጣ፣ በዐሥር ዓመት 400,000 ብር ይሆናል። እንግዲህ መኪናው በእጥፍ ዋጋ፣ ማለት በ800,000 ብር ቢሸጥ፣ ባለቤቱ ያወጣውን ብቻ መለሰ እንጂ አንዲት ብር አላተረፈም። ገንዘቡም በዐሥሩ ዓመት ውስጥ በሌላ ሥራ ላይ ቢውል ያስገኝ የነበረው ጥቅም በዚህ አልተቈጠረም። ሳያንቀሳቅሱ ማስቀመጥም ወጪ አያድንም፤ ጎማው ይሰነጠቃል፣ ፍሬኑ ይነክሳል፣ በካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይደርቃል። በባለጸጎች ዘንድ እንኳ ይህ ንግድ አስተማማኝ አይደለም፤ በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የፌራሪና የሌሎች ውድ መኪናዎች ዋጋ ለትርፍ በሚገዙ ሰዎች ሽሚያ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከ1990 ዓ. ም. በኋላ ወርዶ ብዙዎችን አክስሮአል።

ይህን ሁሉ ለባልደረባችን ከነገርናቸው በኋላ መኪናዪቱን አብረን ሄደን አየናት። ቀለሟ አዲስና የሚያብረቀርቅ ነበር። ነገር ግን የቮልስዋገን ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ በታች ስለ ሆነ፣ መቀመጫውን አንሥተን ተመለከትን። ከባትሪው የፈሰሰው አሲድ ወለሉን በልቶት፣ በላዩ ቈርቈሮ ተለጥፎ በስቱኮ ተደፍኖ ነበር። በሻንሲው ላይ የተቀረጸውንም ቍጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋራ ብናስተያየው አልገጠመም። ባልደረባችን ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «የልጆቼን ትምህርት በስቱኮ ላይ አልሠራም» ብለው ተመለሱ።

ስለዚህ ምክራችን እነሆ። ለልጅ ትምህርት፣ ለሕክምና ወይም ለጡረታ ጊዜ የተቀመጠች ገንዘብ ወደ አሮጌ መኪና አትሂድ። ከዚህ የተረፈ ገንዘብ ያለው፣ መኪናዪቱንም ባታተርፍለት እንኳ የሚነዳትና የሚደሰትባት ሰው ግን ይግዛት። ሲገዛም ከቀለሙ ይልቅ ወለሉን፣ ከወሬው ይልቅ ሊብሬውን ይመልከት። ከአባቱ የወረሳት ሰው ደግሞ ለመሸጥ አይቸኵል፤ የቀድሞውን ሞተር፣ መብራትና ቸርኬ፣ የግዢውንም ደረሰኝ አይጣል። የአዲስ አበባ አየር በክረምት ጨው ከሚነሰነስበት የአውሮፓ መንገድ ይልቅ ለብረት የሚራራ ስለ ሆነ፣ በሌላ አገር በዝገት ያለቁት መኪናዎች በእኛ ዘንድ ሊተርፉ ይችላሉ። ለልጅ ልጆቻችን ልናሳያቸው የምንችለው የዘመናችን ኑሮ ምስክር ናቸውና፣ ከሚያስገኙት ገንዘብ ይልቅ ስለዚህ ምስክርነታቸው ብንጠብቃቸው አንጸጸትም።