በማጆሬ ሐይቅ ላይ የተነገረና ያልተነገረ ቃል

በሰሜን ኢጣልያ፥ ከአልፕ ተራራዎች ግርጌ፥ ማጆሬ የሚባል ረጅም ሐይቅ ይገኛል። ርዝመቱ 65 ኪሎ ሜትር ያህል፥ የፊቱ ስፋት 212 ካሬ ኪሎ ሜትር፥ ከሁሉ በሚጠልቅበት ስፍራም ጥልቀቱ 370 ሜትር ያህል ነው። ዓባይ በጣና ውስጥ እንደሚያልፍ፥ ቲቺኖ የሚባለው ወንዝም ከስዊስ ተራራዎች ወርዶ በሰሜን ይገባበትና በደቡብ ወጥቶ ወደ ታላቁ የፖ ወንዝ ይሄዳል። የሰሜኑ ጫፍ በስዊስ፥ የቀረው ሁሉ በኢጣልያ ግዛት ውስጥ ስለ ሆነ፥ አንዱ ውሃ ለሁለት መንግሥታት ተከፍሎ ይኖራል። በዚህ ሐይቅ ዳርና ዳር፥ በዐሥር ዓመት ውስጥ፥ የአውሮፓ ታላላቅ መንግሥታት ሁለት ጊዜ ተሰብስበው ስለ ሰላም ተማክረዋል። የሁለቱም ምክር ፍጻሜ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለምና፥ ታሪኩን በቅደም ተከተል መመልከት ይገባል።

ሐይቁን ለማየት የሚመጣ መንገደኛ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በምዕራቡ ዳር ባለችው በስትሬዛ ከተማ ነው። ከብዙ ሰው ጋር በትልቁ መርከብ መሳፈር ያልወደደ እንደ ሆነ፥ ትንሽ የሞተር ጀልባ ከነባለቤቷ ለብቻው ይከራያል፤ ባለ ጀልባውም ነጂም መንገድ መሪም ሆኖ የየስፍራውን ታሪክ ይነግረዋል። ከከተማይቱ ፊት ለፊት ሦስት ደሴቶች ይታያሉ፤ በሚላኖ መኳንንት በቦሮሜዎ ቤት ስም ይጠራሉ። ከሦስቱ የምትሰፋው እናት ደሴት የምትባለው ናት፤ ከሩቅ አገር በመጡ ዛፎችና አበቦች የተሞላች የአትክልት ስፍራ ናት። በ1998 ዓ.ም. (2006 እ.ኤ.አ.) ዐውሎ ነፋስ የገነደሰውን ከካሽሚር የመጣ ታላቅ ጥድ፥ አትክልተኞቿ በብረት ገመድ ወጥረው እንደ ገና አቁመውታል። ሁለተኛይቱ የዓሣ አጥማጆች ደሴት ናት፤ ጠባብ መንገዶችና ተደጋግፈው የቆሙ ቤቶች አሉባት። ሦስተኛይቱ ኢዞላ ቤላ፥ ማለት ውብ ደሴት፥ ለስትሬዛ ዳር እጅግ የቀረበች ናት።

ከደሴቶቹ ማዶ፥ በምሥራቁ ዳር፥ ከገደል ጋር የተጣበቀ የቅድስት ካተሪና ገዳም ይታያል። ስለ አጀማመሩ እንዲህ ተብሎ ይተረካል። አልቤርቶ ቤሶዚ የተባለ ነጋዴ በ12ኛው መቶ ዓመት በሐይቁ ላይ ሲሄድ ማዕበል ያዘው። ነፍሱ ብትተርፍ የቀረ ዕድሜውን በብሕትውና ሊፈጽም ተሳለ። ከሞት ድኖ ከዚያ ቋጥኝ በደረሰ ጊዜም ስእለቱን ሳያፈርስ በዋሻው ውስጥ ተቀመጠ። በማዕበል የተናገረውን ቃል በጸጥታው ጊዜ ስላልረሳ፥ ስሙ እስከ ዛሬ ድረስ ከገዳሙ ጋር ይጠራል። የዚህን ነጋዴ ታሪክ አንባቢ በልቡ ያኑረው፤ ወደ ፊት ለሚነገረው ነገር መለኪያ ይሆነዋልና።

ውብ ደሴት ቀድሞ ጥቂት ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩባት ዐለት ነበረች። በ1632 እ.ኤ.አ. ካርሎ 3ኛ ቦሮሜዎ ቤተ መንግሥት ይሠራባት ጀመር፤ ስሟንም በሚስቱ በኢዛቤላ ስም አደረገው። ከእርሱም በኋላ ቪታሊያኖ 6ኛ ሥራውን አስፋፋው። በዐለቱ ላይ አፈር ተደልድሎ፥ ዐሥር እርከን ያለው የአትክልት ቦታ እንደ መርከብ ሰገነት ከፍ ብሎ ተሠራ፤ ነጫጭ ጣዎሶችም ይመላለሱበታል። ከቤቱ በታች ባሉት ክፍሎች ግድግዳና ጣሪያው በትናንሽ ጠጠር ተለብጦ፥ ሰው ከባሕር በታች ያለ ዋሻ ውስጥ የገባ ይመስለዋል። በ1797 እ.ኤ.አ. ናፖሌዎን ከነሚስቱ በዚህ ቤት ዐድሮበታል። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ግን ጐብኚው የሙዚቃ አዳራሽ ወደሚባለው ክፍል ይገባል፤ በ1927 ዓ.ም. የሦስት መንግሥታት ሹማምንት በዚህ አዳራሽ ተቀምጠው እንደ ተማከሩም ይነገረዋል። ነጩን ጣዎስ ለማየት የመጣ ሰው ይህን ሰምቶ ያልፋል። ኢትዮጵያዊ ግን ከዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባዋል።

የዚህን ጉባኤ ምሥጢር ለማወቅ ዘመኑን ዐሥር ዓመት ወደ ኋላ፥ መንገዱንም ወደ ሐይቁ የሰሜን ጫፍ፥ በስዊስ ግዛት ወዳለችው ወደ ሎካርኖ ከተማ መመለስ ያስፈልጋል። ከታላቁ የዓለም ጦርነት በኋላ ጦርነትን ለመከልከል የመንግሥታት ማኅበር በዤኔቭ ቆሞ ነበር። ኢትዮጵያም በ1916 ዓ.ም. መስከረም 17 ቀን፥ በመስቀል በዓል ዕለት፥ አባል ሆና ገባች። የማኅበሩ ቃል ኪዳን ኀይሉ በ16ኛው አንቀጽ ነበረ። አንቀጹም፥ አንድ አባል ቃል ኪዳኑን አፍርሶ ጦርነት ቢያነሣ በአባሎች ሁሉ ላይ እንዳነሣ ይቈጠራል፥ ሌሎቹም የንግድንና የገንዘብን ግንኙነት ወዲያው ይቈርጡበታል የሚል ነበረ። ኀይል የሌለው ሕዝብ ታላቁን ጐረቤቱን ሳይፈራ እንዲተኛ የተሰጠው መያዣ ይህ ነበረ።

በ1918 ዓ.ም. ከመስከረም 25 እስከ ጥቅምት 6 ቀን (በኦክቶበር 1925 እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ፥ የፈረንሳይ፥ የጀርመን፥ የቤልጅግና የኢጣልያ መልእክተኞች የፈረንሳይንና የጀርመንን ወሰን በውል ለማጽናት በሎካርኖ ተሰበሰቡ። ጀርመን ከመንግሥታት ማኅበር እንድትገባ ተጠይቃ ነበር፤ እርስዋ ግን 16ኛውን አንቀጽ ፈራች። የጦር መሣሪያዬ በውል ተወስዶብኛልና፥ ማኅበሩ በሌላው ላይ ሲነሣ እኔ በምን ኀይሌ እከተለዋለሁ ትል ነበር። በአዳራሽ የተደረገው ክርክር መፍትሔ ባጣ ጊዜ፥ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኦስተን ቼምበርሌን የሚስቱን የልደት ቀን ምክንያት አድርጎ መስከረም 30 ቀን የብርቱካን አበባ በምትባል ጀልባ ላይ የሽርሽር ግብዣ አደረገ። የፈረንሳዩ ብሪያንና የጀርመኖቹ ሉተርና ሽትሬዘማን ከእርሱ ጋር ተሳፈሩ። ከጋዜጠኞች ዐይን ርቀው፥ ጀልባዋ በጸጥታው ውሃ ላይ ስትንሸራሸር፥ ስለዚሁ ስለ 16ኛው አንቀጽ ተነጋገሩ። ዛሬ ሀብታም መንገደኛ ለዕረፍቱ የሚከራየው ዐይነት ጀልባ በዚያን ቀን የመንግሥታት ሸንጎ ሆነ።

የተገኘውም መፍትሔ ከሎካርኖ ውሎች ጋር ተያይዞ ተጻፈ። እያንዳንዱ አባል ቃል ኪዳኑን ለመደገፍ በታማኝነት ይረዳል፤ ርዳታው ግን ከጦር ኀይሉ ሁኔታ ጋር በሚስማማ መጠን፥ የአገሩም አቀማመጥ ታስቦ ይሆናል የሚል ትርጓሜ ነበረ። ቅኔ የሚያውቅ ሰው በዚህ ቃል ውስጥ ሰሙንና ወርቁን ለመለየት አይቸገርም። ሰሙ፥ በታማኝነት ይረዳል የሚለው ነው። ወርቁ ግን፥ እንደሚመቸው ያህል ብቻ የሚለው ነው። እርግጥ ነው፥ ይህ ቃል ለጀርመን የተጻፈ እንጂ በኢትዮጵያ ላይ የታሰበ አልነበረም፤ የቃል ኪዳኑንም ፊደል አልለወጠም። ነገር ግን ታላላቆቹ መንግሥታት የማኅበሩን ዋና ግዴታ እንደየሁኔታቸው መስፈር እንደሚቻል በአንድነት ሲናገሩ ተሰሙ። መስፈሪያው አንድ ጊዜ ከተለወጠ በኋላ ገበያው ሁሉ በእርሱ ይሰፍራልና፥ ነገሩ በጀርመን ላይ ብቻ የሚቀር አልነበረም።

ሙሶሊኒም በጉባኤው መጨረሻ ከስትሬዛ በፈጣን የሞተር ጀልባ ሐይቁን ሰንጥቆ ሎካርኖ ደረሰ፤ ኢጣልያም ከእንግሊዝ ጋር የውሉ ዋስ ሆነች። የሰላም ዘመን መጣ ተብሎ ታላቅ ደስታ ተደረገ። ለቼምበርሌን የ1925፥ ለብሪያንና ለሽትሬዘማን የ1926 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው።

ዘጠኝ ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በ1927 ዓ.ም. ኅዳር 26 ቀን፥ በወልወል የኢጣልያና የኢትዮጵያ ወታደሮች ተዋጉ። ኢትዮጵያም ነገሩን ወደ መንግሥታት ማኅበር አቀረበች። ኢጣልያ ግን በኤርትራና በሶማሌ በኩል ጦሯን ታከማች ነበር። በዚያው ወራት ሂትለር የቬርሳይን ውል ጥሶ የጀርመንን ሕዝብ ለውትድርና እንደሚያስገድድ ስላስታወቀ፥ እንግሊዝና ፈረንሳይ ደነገጡ፤ በጀርመን ላይ የኢጣልያን ወዳጅነት ፈለጉ። ስለዚህ ሚያዝያ 3 ቀን 1927 ዓ.ም. (አፕሪል 11 ቀን 1935 እ.ኤ.አ.) የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ማክዶናልድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳይመን፥ የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፍላንደንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ላቫል ወደ ውብ ደሴት በጀልባ ተሻግረው ከሙሶሊኒ ጋር በሙዚቃው አዳራሽ ተቀመጡ። በዚያ ወራት በኢትዮጵያ ዐቢይ ጾም ነበረ፤ ሕዝቡም ስለ አገሩ ይጸልይ ነበር።

አራት ቀን ሙሉ ስለ ጀርመን፥ ስለ ኦስትሪያና ስለ ሎካርኖ ውል ተናገሩ። የበታች ሹማምንት በጐን ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ጥቂት ተነጋግረዋል፤ ታላላቆቹ ግን በጉባኤው ጠረጴዛ ላይ ስሟን አላነሡም። በመጨረሻው ቀን፥ ሚያዝያ 6፥ የጋራው መግለጫ ሲጻፍ፥ ሦስቱ መንግሥታት ሰላምን የሚያሰጋ የውል ማፍረስን ሁሉ በሚቻላቸው መንገድ እንደሚቃወሙ ተስማሙ። ሙሶሊኒ ግን ሰላም ከሚለው ቃል ጋር የአውሮፓ የሚል ቃል እንዲገባ አደረገ። ትርጓሜው ግልጥ ነበረ፤ የአውሮፓ ሰላም ከተባለ የአፍሪካ ሰላም ከውሉ ውጭ ቀረ ማለት ነው። የእንግሊዝ ሹማምንት ይህን ሰምተው ዝም አሉ። ዝምታቸው ከቸልታ፥ ከፍርሃት ወይስ ከብልኀት የመጣ ነው በማለት የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ሙሶሊኒ ግን አልተከራከረበትም፤ ዝም ያለ ፈቀደ ብሎ ተረጐመው።

ከስድስት ወር በኋላ፥ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። በዤኔቭ 50 መንግሥታት ኢጣልያ ቃል ኪዳኑን እንዳፈረሰች መሰከሩ፤ 16ኛውም አንቀጽ ተጠቀሰ። ነገር ግን ቅጣቱ በሎካርኖው መስፈሪያ የተሰፈረ ያህል ነበረ። ከኅዳር 8 ቀን ጀምሮ የኢጣልያ ዕቃ እንዳይገዛ፥ ገንዘብም እንዳይበደራት ተከለከለ፤ የጦር መኪናዋንና አውሮፕላኗን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ግን አልተከለከለም፤ ጦሯን የሚያሳልፈው የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። እያንዳንዱ መንግሥት እንደ ሁኔታው ረዳ፤ የመርዙን ጢስ የተቀበለው ግን የኢትዮጵያ ሕዝብ ብቻ ሆነ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን በዤኔቭ ቆመው አቤት ቢሉም፥ ሐምሌ 8 ቀን በኢጣልያ ላይ ተጥሎ የነበረው ቅጣት ተነሣ።

በኢትዮጵያ ኪሣራ የኢጣልያን ወዳጅነት ለመግዛት ያሰቡትም ገንዘባቸውን ከፍለው ዕቃውን አላገኙም። ሂትለር ዓለም ወደ ኢትዮጵያ ሲመለከት የካቲት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩን ወደ ራይን አገር አስገብቶ የሎካርኖን ውል ቀደደው፤ ዋስ የሆነችው ኢጣልያም አልተነሣችበትም። ሙሶሊኒ ከሂትለር ጋር ተባበረ፤ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ዐወጀ። በአዳራሹ አብሮአቸው የተቀመጠው ሰው ጠላታቸው ሆነ፤ ስሟን ያላነሡአት ኢትዮጵያ ግን ከእንግሊዝ ጋር አንድ ሆና ተዋግታ፥ በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቷን ወደ አዲስ አበባ መለሰች። ሙሶሊኒም ሚያዝያ 20 ቀን 1937 ዓ.ም. በሌላው የኢጣልያ ሐይቅ፥ በኮሞ ዳር፥ ሊሸሽ ሲል ተይዞ በአገሩ ሰዎች ጥይት ሞተ።

ዛሬ ባለ ጀልባው እንግዳውን ከውብ ደሴት ሲመልሰው የምሥራቁን ዳር ገዳም እንደ ገና ያያል። በዚያ ዐለት ላይ፥ በማዕበል መካከል ተስሎ በጸጥታ ጊዜ ያልከዳ የአንድ ነጋዴ መታሰቢያ አለ። በደሴቲቱ አዳራሽ ግን፥ በጸጥታ ጊዜ ተማምለው በማዕበል ጊዜ የተለያዩ የመንግሥታት ሹማምንት ወንበር ይታያል። የኢትዮጵያ አባቶች የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲሉ ቃል ከዘር እንደሚከብድ መመስከራቸው ነው። ጽኑ ውል በጩኸት ብቻ የሚፈርስ አይደለም፤ አንድ ትርጓሜ ሲጨመርበት ይላላል፥ አንድ ስም ሲቀርበት ይሞታል። ስለዚህ ታናሽ ሕዝብ በታላላቆች ውል ሲታመን የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ያልተጻፈውንም ያንብብ፤ ከሁሉም አስቀድሞ በጠረጴዛው ዙሪያ ስሙን የሚጠራለት ሰው መኖሩን ይመርምር።