አጋሰስ ላይ እንደ ሰጋር መቀመጥ፦ የጅማ ቡና አገር መኪናና ባሌስትራው

በሲራራ ንግድ ዘመን ከጅማ ተነስቶ ወደ ሸዋ በሚወጣ ጓዝ ውስጥ ጭነት የሚሸከመውና ሰው የሚሸከመው እንስሳ አይምታታም ነበር። ቡናው፣ ኮረሪማውና ዝባዱ በአጋሰስና በጭነት በቅሎ ይሄዳል፤ ነጋድራሱ፣ ሽማግሌውና ወይዘሮዋ በሰጋር በቅሎ ይሄዳሉ። ሰጋር ማለት ተቀማጩን ሳታንገጫግጭ፣ እርምጃዋን አስተካክላ የምትሄድ በቅሎ ናት። እንዲህ ያለችውን መርጦ መግዛት፣ መግራትና ከጭነት መጠበቅ ራሱን የቻለ እውቀት ነበር፤ ሰጋሯን ፈረሱላ ቡና ማሸከም ንብረት ማበላሸት ነው። መኪና ወደ ቡናው አገር ሲገባ ይህ ልዩነት ጠፋ። አንዱ ተሽከርካሪ ጥቅምት ላይ ቡና፣ ሰኔ ላይ ሰው እንዲሸከም ተደረገ፤ ሲበጅም ሲጠገንም ለቡናው ታስቦ እንጂ ለሰው አልነበረም። ዛሬ በጅማ፣ በአጋሮና በቦንጋ መንገድ ላይ ያለ አሮጌ ላንድክሩዘር የተሳፋሪ ወገብ የሚቆርጠው ስላረጀ ብቻ፣ መንገዱም ስለከፋ ብቻ አይደለም። በጭነቱ ዘመን የተለመደው አሠራር፣ ጭነቱ ወደ ሌላ መኪና ከሄደ በኋላም ስላልተለወጠ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ጭነቱ በዚህ አገር ምን ያህል ገዥ እንደነበር ማየት ይበቃል። ከእ.ኤ.አ. 1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር የመንግሥታቸውን ጉልበት ያቆሙት በንግድ ላይ ነው። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከጊቤ ወዲህና ወዲያ ማዶ፣ ከከፋ፣ ከሊሙና ከጎማ የሚመጣ ሁሉ የሚገናኝበት ነበር፤ በአገሩ መግቢያ በሮች ኬላዎች ቆመው ሸቀጡን ይቆጣጠሩ ነበር። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ቡናው ወደ ባሕር የሚወርድበት መንገድ አጠረ፤ ከጅማ እስከ ባቡሩ ያለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ግን አሁንም በእንስሳ ጀርባ ነበር። ቡና የሚለካው በፈረሱላ ነው፤ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ። የነጋዴው ሐሳብ ሁሉ በዚህ ቁጥር ዙሪያ ይዞራል፤ አንድ በቅሎ ስንት ፈረሱላ ትችላለች፣ የጊቤን በረሃ ስትሻገር ጀርባዋ ይላጥ ይሆን? በኋላ ሾፌሩም ባለመኪናውም ይህንኑ ጥያቄ ወረሱ።

የመኪናው ዘመን በእውነት የገባው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ጣሊያኖች በ1929 ዓ.ም. ጅማን ከያዙ በኋላ የደቡብ ምዕራቡ አስተዳደራቸው መቀመጫ አደረጓት፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን መንገድ ሠሩ፤ ፊያትና ላንቻ የጭነት መኪኖች በመንገዱ ተመላለሱ። በሰኔ 1933 ዓ.ም. ከተማዋ ነፃ ስትወጣ የጋራዥ ሙያው እዚያው ቀርቶ ነበር፤ ባሌስትራ፣ አሞርዛተር፣ ቦኮላ የሚሉት ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ዛሬም የሜካኒኩ መግባቢያ ናቸው። ልብ ሊባል የሚገባው ሙያው የተማረው ከጭነት መኪና መሆኑ ነው። የኛ ሜካኒክ አባት ሙያውን ያወቀው በኩንታል በሚለካ ሸክም ስር ተኝቶ ነው፤ ለእርሱ ጥሩ ባሌስትራ ማለት የማይሰበር ባሌስትራ ነው። ከዚያ በ1943 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር የታገዘው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1950 ዓ.ም. ብሔራዊ የቡና ቦርድ መጣ፤ ቡናም የአገሪቱ ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ሆኖ ቀጠለ። በዚህ ጊዜ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ጭቃውን የሚሻገር መኪና ተፈለገ፤ ላንድሮቨር፣ ቀጥሎም ቶዮታ ላንድክሩዘር ወደየወረዳው ገቡ። ሁለቱም ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ የቆሙ፣ ለእርሻና ለጦር ሠራዊት ሥራ የታሰቡ ነበሩ።

በሌላው ዓለም ፋብሪካዎቹ አጋሰሱንና ሰጋሩን ቀስ በቀስ እንደገና ለዩ። ሬንጅሮቨር እ.ኤ.አ. በ1970 በአራቱም እግሩ በሞላ፣ ማለትም በጥምዝ የብረት ስፕሪንግ፣ ቆሞ ወጣ፤ ላንድሮቨር 110 በ1983 ባሌስትራውን ትቶ ሞላ ያዘ፤ ላንድክሩዘርም በ1990 የ80 ተከታታይ ምርቱን ሙሉ በሙሉ በሞላ አቆመ። ለከባድ ሥራ የተተወው የ70 ተከታታይ ግን እ.ኤ.አ. በ1984 ከነባሌስትራው ወጣ፤ የፊቱ በሞላ የተተካው በ1999 ነው፤ ኋላው እስከ ዛሬ ባሌስትራ ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤቱ፣ የእርዳታ ድርጅቱ፣ የቡና ነጋዴው የመረጠው ይህንኑ ነው። ምርጫው ትክክል ነበር። መለዋወጫው ይገኛል፣ የትም ከተማ ይጠገናል፣ ሸክም አይፈራም። ስህተቱ የመጣው በግዢው ሳይሆን ከዚያ በኋላ በጋራዥ በተደረገለት ነገር ነው፤ ኋላው ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ የባሌስትራ ንጣፍ መጨመር ልማድ ሆነ።

እዚህ ላይ የባሌስትራን ጠባይ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ባሌስትራ ከስር አጭር፣ ከላይ ረጅም ሆኖ የተደራረበ የብረት ንጣፍ ነው፤ የረጅሙ ጫፎች ተጠቅልለው በቦኮላና በፔርኖ ከሻንሲው ጋር ይያያዛሉ። እኩል ውፍረት ያለው አንድ ንጣፍ ሲጨመር ጥንካሬው በዚያው ልክ ያድጋል፤ የተጨመረው ንጣፍ ወፍራም ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የንጣፉ ጥንካሬ ከውፍረቱ ኩብ (ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ከሚሰጠው) ጋር ስለሚሄድ አንድ አሥረኛ የወፈረ ብረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ይጠነክራል፤ እጥፍ የወፈረው ስምንት እጥፍ። ከሌላ መኪና የተገኘ ወፍራም ንጣፍ ገጥሞ ማሰር በመኪናው ጠባይ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ ይታያል። የሰው ሰውነት ደግሞ የሚስማማው ልክ አለው። መኪናው በሴኮንድ አንድ ጊዜ ወይም አንድ ጊዜ ተኩል ቢነሳና ቢወድቅ ከእርምጃችን ምት ጋር ስለሚቀራረብ አይከብደንም፤ ለዚህ በሸክሙ የተነሳ ባሌስትራው ከ11 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ካለ ምቱ በሴኮንድ ሁለት ይሆናል። ባሌስትራው በቀይ ጭቃና በዝገት ተጣብቆ ንጣፎቹ እርስ በርስ መንሸራተት ካቃታቸው ደግሞ መኪናው በጎማው ብቻ ይነጥራል፤ ምቱ በሴኮንድ ከሦስት ያልፋል፤ ይህ የሰው አከርካሪና ሆድ ዕቃ በጣም ወደሚጎዳበት ከ4 እስከ 8 ወደሚደርሰው ክልል ይጠጋል። ስለዚህ ሙሉ ጭነት ይዞ ሲሄድ ጥሩ የሆነው ያው መኪና፣ ጭነቱ ሲወርድና ሁለት ሰው ብቻ ሲቀመጥበት ድንጋይ ይሆናል። ሾፌሩ ባዶ መኪና ያንገጫግጫል ሲል ትክክለኛውን ነገር እየተናገረ ነው።

ታዲያ ጭነቱ ዛሬ የት ነው? የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሲስፋፉ ቀይ ቡናው በተለቀመበት ቀን እዚያው አቅራቢያ መፈልፈል ጀመረ፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ንግዱ ወደ ጅማና ቦንጋ መጋዘኖች ዞረ። ይህንን የሚያመላልሰው አይሱዙና ከዚያ የሚበልጥ መኪና ነው። አሮጌው ላንድክሩዘር አሁን የሚይዘው ባለሙያ፣ አስተማሪ፣ ክትባት፣ በሽተኛ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው በሽተኛው ነው። በገጠሩ ቀበሌ ምጥ የያዛት እናት ድሮ በጎረቤት ትከሻ፣ በቃሬዛ ትወርድ ነበር፤ ቃሬዛው ዘገምተኛ ነው፣ ብዙ ሕይወትም በመንገድ ላይ ቀርቷል፤ ነገር ግን አይነጥርም፤ ተሸካሚዎቹ እግራቸውን እያመሳሰሉ፣ ጉድጓዱን እየዞሩ ይሄዱ ነበር። በ2000ዎቹ ዓ.ም. ለየወረዳው አምቡላንስ መታደሉ ትልቅ ሥራ ነው፤ ጊዜውን አሳጥሯል። ሆኖም ብዙዎቹ አምቡላንሶች ኋላቸው በባሌስትራ የቆመ፣ የበሽተኛው አልጋም በቀጥታ ከኋላው አክሰል በላይ የተቀመጠባቸው ናቸው። ከገራ ወይም ከሊሙ ኮሳ የተነሳች እናት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል እስክትደርስ የምትተኛው መኪናው በጣም በሚነጥርበት ቦታ ላይ ነው። ይህን እያወቁ ምቾት ቅንጦት ነው ማለት አይገባም።

ለዚህ የሚሰጠው የመጀመሪያው መልስ መንገዱን ሥሩ የሚል ነው። በአስፋልት ላይ ማንኛውም መኪና ይመቻል፤ ከአዲስ አበባ ጅማ፣ ከጅማም ወደ አጋሮና ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ መሻሻሉም ብዙ ሥቃይ ቀንሷል። እውነት ነው። ነገር ግን ቡናው የሚበቅለው በአስፋልቱ ዳር አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ያገናኘው በጠጠርና በአፈር መንገድ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብበት አገር ጠጠሩ ክረምቱን ይታጠባል፤ በጋ ሲገባ ደግሞ ኮረኮንቹ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ሸንተረር ያወጣል። ሸንተረሮቹ ሦስት አራተኛ ሜትር ያህል ቢራራቁና መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ጎማው በሴኮንድ 15 ጊዜ ያህል ይመታል። ይህን መምጠጥ የአሞርዛተሩ ሥራ ነው፤ አሞርዛተሩ ደግሞ እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ ዘይቱ ይግላል፣ አረፋ ይሆናል፣ መኪናውም ከግማሽ መንገድ በኋላ የሚይዘው ያጣል። የጣሊያኑ መንገድም በጊዜው አዲስ ነበር፤ ጥገና ሲያጣ ግን ተበላ። መንገዱ በመንግሥት እጅ፣ ባሌስትራውና አሞርዛተሩ በባለመኪናው እጅ ናቸው፤ አንዱ እስኪደርስ ሌላውን መተው አያዋጣም።

ሁለተኛው ክርክር ከጋራዥ የሚመጣ ነው፤ ክብደትም አለው። ባሌስትራ ከቀነስክ ይሰበራል ይላሉ። አዎ፣ ዝም ብሎ አንድ ንጣፍ አውጥቶ መጣል አደገኛ ነው፤ ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ ረጅሙ ዋና ብረት ከተሰበረ ደግሞ አክሰሉን በቦታው የያዘው ያው ብረት ስለሆነ መኪናው መሪ ይክዳል። ባሌስትራን በከሰል እሳት አግሎ በመዶሻ ማጉበጥም መፍትሔ አይደለም። ብረቱ ፋብሪካ ውስጥ የተሰጠውን ጥንካሬ በእሳቱ ያጣል፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይዘረጋል። ባሌስትራውን አውጥቶ ሞላ መግጠምም በአገር ቤት ብየዳ የሚደፈር ሥራ አይደለም፤ ሞላ መኪናውን ያነሳል እንጂ አክሰሉን አይይዝም። ሜካኒኮቹ በዚህ ሁሉ ትክክል ናቸው። ግን ክርክራቸው የሚያረጋግጠው በግምት መቀነስ እንደማይገባ ነው፤ በግምት መጨመርም እንደማይገባ በዚያው ይመሰክራል። በሁለት ደረጃ የሚሠራው ባሌስትራ ከድሮም ያለ ነገር ነው፦ ላይኞቹ ቀጫጭን ንጣፎች ሰው ሲቀመጥ ብቻቸውን ይሠራሉ፤ ወፍራሙ የታችኛው የሚነካቸው ጭነት ሲገባ ብቻ ነው። አጋሰስና ሰጋርን በአንድ መኪና ለማዋሐድ ከዚህ የቀረበ ዘዴ የለም። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ተጨማሪ ንጣፍ ተገጥሞበት በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት መዘጋቱ ነው፤ ያኔ ወፍራሙ ብረት ባዶ መኪና ላይም ይሠራል።

ወጪውስ? አሮጌ መኪና ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ለብዙ ባለንብረት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። ጎማ ከሁሉ በፊት የሚሠራ ሞላ ነው፤ ለሙሉ ጭነት የተነፋ ጎማ በባዶ መኪና ላይ ይነጥራል፤ ነፋሱን በፋብሪካው ልክ ማስተካከል ምንም አያስወጣም። ቀጥሎ ባሌስትራውን ፈትቶ፣ ጭቃና ዝገቱን ጠርጎ፣ ቀባብቶ መልሶ ማሰርና ያለቁ ቦኮላዎችን መለወጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ አሞርዛተር፤ አራቱም በአንድ ጊዜ፣ ኮረኮንች የሚችል ዓይነት። ባሌስትራው የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ያን ጊዜም የሚጠየቀው መኪናው ከፍተኛ ስንት ኪሎ ይችላል ተብሎ ሳይሆን በአብዛኛው ቀን ስንት ኪሎ ይዞ ይሄዳል ተብሎ ነው። ለወረዳ አምቡላንስ መልሱ ቀላል ነው፤ ሾፌር፣ ነርስ፣ በሽተኛዋ፣ ሁለት አስታማሚ፤ ከ400 ኪሎ እምብዛም አይበልጥም። ጤና ጽሕፈት ቤቶች መኪና ሲረከቡም ሆነ ለጥገና ሲያስገቡ ይህን ቁጥር በጽሑፍ ሊያሰፍሩና ጋራዡ ባሌስትራውን በዚያው ልክ እንዲያስተካክል ሊያዙ ይችላሉ፤ አዲስ ሕግም አዲስ በጀትም አይጠይቅም።