የስፔን ሱፐርማርኬት ለሙስሊም ተጓዥ፦ የመንገድ ስንቅና መጠጥ አመራረጥ

ከማድሪድ ተነስቶ ኮርዶባንና ግራናዳን በመኪና መጎብኘት በአውሮፓ የሚኖሩ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች የሚመኙት ጉዞ ነው። ከማድሪድ እስከ ኮርዶባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከኮርዶባ እስከ ግራናዳ ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመንገዱ ዳር ያሉት ምግብ ቤቶች ግን ከጣሪያ ላይ የአሳማ እግር የሚንጠለጠልባቸው፣ ሳንድዊቹም ሾርባውም ከአሳማ የማይርቅባቸው ናቸው። ስለዚህ አስተማማኙ መንገድ ከመነሳት በፊት ስንቅን ከሱፐርማርኬት መሸመት ነው። ሜርካዶና፣ ካርፉር፣ ሊድል፣ ዲያና አልካምፖ በአገሪቱ በስፋት የሚገኙ ናቸው። ከዚህ በታች ምን መግዛት፣ ምን መተው፣ ምን አንብቦ መወሰን እንደሚገባ በየተራ እናቀርባለን።

መለያውን ማንበብ

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት በታሸገ ምግብ ላይ የይዘት ዝርዝር ይጻፋል፤ ዝርዝሩም ከብዙው ወደ ጥቂቱ የተደረደረ ነው። ስፓኒሽ ለማያውቅ ሰው የሚከተሉትን ቃላት መያዝ ይበቃዋል። ቃላቱን የጻፍነው በአነባበባቸው ነው፤ ሲጠራጠሩ በስልክ ካሜራ የሚተረጉም አፕ ይጠቀሙ።

• ሴርዶ፦ አሳማ። ኻሞን፣ ቶሲኖ፣ ፓንሴታ፣ ቤይኮን፣ ቾሪሶ፣ ሎሞ የሚሉትም በአብዛኛው የአሳማ ሥጋ ውጤቶች ናቸው።
• ማንቴካ፦ የአሳማ ስብ። ብዙ ሰው ከቅቤ ጋር የሚያምታታው ቃል ይህ ነው። ቅቤ ማንቴኪያ ይባላል። ማንቴካ ዴ ካካኦ የሚል በቸኮሌት ላይ ካዩ ግን የካካኦ ቅቤ ማለት ነውና ከአሳማ ጋር አይገናኝም።
• ግራሳ አኒማል፦ የእንስሳ ስብ። ከየትኛው እንስሳ እንደሆነ ካልተገለጸ መተው ይሻላል።
• ኼላቲና፦ ጄላቲን። ያለ ማብራሪያ ከተጻፈ ከአሳማ ሊሆን ይችላል።
• ቢኖ፣ ብራንዲ፣ ሮን፣ ሊኮር፦ ወይን ጠጅና ሌሎች አስካሪ መጠጦች። በኬክና በቸኮሌት ውስጥ ይገባሉ።
• ሲን፦ «የሌለበት»። ኮን፦ «ያለበት»።

ሠራተኛ መጠየቅ ከፈለጉ «ዬባ ሴርዶ?» (አሳማ አለበት?) ወይም «ዬባ አልኮል?» (አልኮል አለበት?) ማለት በቂ ነው።

ከቁጥሮቹ መካከል ኢ-471 ከዕፅዋትም ከእንስሳም ሊገኝ የሚችል ቅባት ነው፤ አንዳንድ አምራቾች ከዕፅዋት መሆኑን አብረው ይጽፋሉ። ኢ-120 ደግሞ ኮቺኒያ ከሚባል ነፍሳት የሚወጣ ቀይ ቀለም ሲሆን፣ ዑለማዎች በነፍሳት መብላት ላይ ስለሚለያዩ ብዙዎች ይርቁታል። ለቬጀቴሪያን ወይም ለቪጋን ይሆናል የሚል ምልክት ያለበት ምርት አሳማና ጄላቲን እንደሌለው ያረጋግጣል፤ አልኮል እንደሌለው ግን አያረጋግጥም።

ብዙም ሳይጨነቁ የሚገዙ ስንቆች

የስፔን መደርደሪያዎች ለአገራችን ሰው እንግዳ ያልሆኑ ነገሮች ሞልተዋቸዋል። ኪኮስ የሚባለው ተጠብሶ ጨው የተነሰነሰበት በቆሎ ነው፤ ከቆሎ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። የተቆላ ሽምብራ ጋርባንሶስ ቶስታዶስ በሚል ይሸጣል። አልትራሙሴስ በጨው ውሃ ውስጥ የተዘጋጀ ግብጦ ነው። የሱፍ ፍሬ (ፒፓስ)፣ አልሞንድ፣ ኦቾሎኒና ቴምርም በቀላሉ ይገኛሉ። ቴምሩ ከራሱ ከስፔን፣ በሰፊው የዘንባባ ደኗ ከምትታወቀው ከኤልቼ ከተማም ሊመጣ ይችላል።

በወይራ ዘይት ወይም በሱፍ ዘይት የተጠበሰ ጨው ብቻ ያለው የድንች ቺፕስ፣ የወይራ ፍሬ፣ ፍራፍሬ፣ በዘይት የታሸገ ቱናና ሰርዲንም አስተማማኝ ናቸው። ሁለት ማስታወሻ አለን። ቱናም ሆነ ሌላ የባሕር ምግብ «ኤስካቤቼ» የሚል ከተጻፈበት በኮምጣጤ የተዘጋጀ ነው፤ አንዳንዱ ነጭ ወይን ጠጅም ስለሚጨመርበት ዝርዝሩን ይዩ። ፍራፍሬን ደግሞ በብዙ ሱፐርማርኬት ገዢው ራሱ መዝኖ ዋጋውን ይለጥፋል።

ቶርቲያ ዴ ፓታታስ፣ ማለትም የድንችና የእንቁላል ጥብስ፣ ተዘጋጅቶ በቀዝቃዛው መደርደሪያ ይሸጣል። በተለመደው አሠራሩ ድንች፣ እንቁላል፣ ዘይትና አንዳንዴ ሽንኩርት ነው። ቾሪሶ የተጨመረበት ዓይነት ስላለ ግን ስሙን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ከጣፋጭ ወገን ቶርታስ ዴ አሴይቴ የሚባለው የሴቪያ አካባቢ ስስ ቂጣ በወይራ ዘይት፣ በሰሊጥና በአኒስ ፍሬ ይሠራል። ቱሮን ደግሞ በዋናነት አልሞንድ፣ ማርና ስኳር ነው።

መልካቸው የሚያሳስት

ከቺፕሱ ጎን ኮርቴሳስ ዴ ሴርዶ ይደረደራል፤ ይህ የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ ነው። ኮርቴሳስ ዴ ትሪጎ የሚባለው ተመሳሳይ መልክ ያለው ግን ከስንዴ የሚሠራ ነው። ልጆች ከረጢቱን አይተው ሲያነሱ ልዩነቱ አንድ ቃል ብቻ ነውና አብሮ መሄድ ይበጃል።

የልጆች ከረሜላ ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። ጎሚኖላስ የሚባሉት የሚለጠጡ ከረሜላዎችና ኑቤስ የሚባሉት እንደ ጥጥ የለሰለሱት ብዙውን ጊዜ ጄላቲን አለባቸው። በምትካቸው ፔክቲን የሚል የተጻፈባቸውን ይምረጡ።

ፖልቦሮኔስና ማንቴካዶስ የተባሉት ኩኪሶች፣ እንዲሁም የማዮርካው ኤንሳይማዳ በባህላዊ አሠራራቸው በአሳማ ስብ የሚጋገሩ ናቸው። ሮስኮስ ዴ ቢኖ ደግሞ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው ወይን ጠጅ ይገባበታል። የቱና ኤምፓናዳ ውስጡ ዓሣ ቢሆንም ሊጡ በማንቴካ የታሸ ሊሆን ይችላል። ፒኮስ የሚባሉት አጫጭር ደረቅ ዳቦዎችም አንዳንዶቹ በወይራ ዘይት፣ አንዳንዶቹ በማንቴካ ይሠራሉ። ሳንድዊች ቤኼታል ደግሞ «የአትክልት» ቢባልም ቱናና እንቁላል፣ አልፎ አልፎም የአሳማ ሥጋ ይኖርበታል።

አይብ በሚገዙበት ጊዜ ወተቱን የሚያረጋው ነገር (ኩዋኾ) ከእንስሳ ወይስ ከዕፅዋት እንደሆነ ይመልከቱ። ስለ እንስሳው ዓይነት የዑለማዎች አስተያየት ይለያያል፤ ከልዩነቱ መውጣት የፈለገ ኩዋኾ ቤኼታል የሚለውን ይምረጥ። ከኤክስትሬማዱራ የሚመጣው ቶርታ ዴል ካሳር የሚረጋው በእሾሃማ ተክል አበባ ነው።

መጠጦች

ውሃ፣ ወተትና መቶ በመቶ ጭማቂ (ሱሞ) ቀዳሚ ምርጫዎች ናቸው። በብዙ መደብሮች ብርቱካን እዚያው የሚጨምቅ ማሽን አለ፤ ጠርሙሱን ሞልቶ መውጣት ነው። ኦርቻታ ከቹፋ፣ ማለትም ከመሬት ሥር ከሚበቅል ትንሽ ፍሬ፣ ከውሃና ከስኳር የሚሠራ የቫሌንሲያ መጠጥ ነው፤ ቀዝቅዞ ሲጠጣ ለሙቀት ጥሩ ነው። ካካኦላት የባርሴሎና የቸኮሌት ወተት ነው።

ጋስፓቾ በካርቶን የሚሸጥ የቲማቲም፣ የኪያር፣ የቃሪያና የወይራ ዘይት ቀዝቃዛ መጠጥ ነው። ብዙውን ጊዜ የወይን ኮምጣጤ አለበት። ኮምጣጤን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያወደሱት ምግብ ነው፤ ኸምር በራሱ ጊዜ ወደ ኮምጣጤ ከተቀየረ እንደሚፈቀድ ዑለማዎች ይስማማሉ። ሆን ተብሎ በሰው ሥራ በተቀየረው ላይ ግን መዝሃቦች ስለሚለያዩ እያንዳንዱ የሚከተለውን ዓሊም ይጠይቅ። የጋስፓቾ ዘመድ የሆነው ሳልሞሬኾ ከላዩ የኻሞን ቁራጭ ሊኖረው ስለሚችል ይጠንቀቁ።

ሞስቶ በሱፐርማርኬት ከታሸገ ያልፈላ የወይን ፍሬ ጭማቂ ነው። በሴቪያና በኼሬስ አካባቢ ባሉ መጠጥ ቤቶች ግን ሞስቶ ሲሉ አዲስ የፈላ ወይን ጠጅ ማለታቸው ሊሆን ስለሚችል ሳይጠይቁ አይዘዙ። ሳንግሪያ፣ ቲንቶ ዴ ቤራኖ፣ ሲድራና ክላራ አስካሪ መጠጦች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከለስላሳ ጎን በሚያምር ጣሳ ይቀመጣሉ። «ሲን አልኮል» የተባለ ቢራም በስፔን ደንብ እስከ 1 በመቶ የሚጠጋ አልኮል ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ስሙን አምኖ መግዛት አያዋጣም።

የሐላል ምልክትና ሥጋ

የስፔን መንግሥት ከሙስሊሙ ማኅበረሰብ ተወካይ ከስፔን እስላማዊ ኮሚሽን ጋር ያደረገው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1992 ሕግ ሆኖ ወጥቷል፤ በውስጡም የሐላል ምግብ ጉዳይ ተካቷል። መቀመጫውን በኮርዶባ ያደረገው ኢንስቲቱቶ ሐላል ለምርቶች የሐላል ማረጋገጫ ይሰጣል። ማረጋገጫ የሌለው የዶሮና የቱርክ ሥጋ አሳማ ባይሆንም አስተራረዱ አጠያያቂ ነው። በማድሪድ ላባፒዬስና በባርሴሎና ራባል ሰፈሮች የሐላል ሥጋ ቤቶች ስላሉ ጉዞው ከእነዚህ ከተሞች የሚነሳ ከሆነ ሥጋን ከእነሱ ይዞ መውጣት ይቻላል።

ለመንገዱ

• በብዙ ከተሞች ሱፐርማርኬቶች እሑድ ዝግ ናቸው፤ ሸመታውን ቅዳሜ ይጨርሱ።
• ኮርዶባ በሐምሌና በነሐሴ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ቶርቲያ፣ አይብ፣ ጋስፓቾና ትኩስ ኦርቻታ የበረዶ ሣጥን ይፈልጋሉ፤ ከሌለ በደረቅ ስንቅና በቆርቆሮ ምግብ ይወሰኑ።
• ባለ 5 ወይም ባለ 8 ሊትር የውሃ ጀሪካን (ጋራፋ) ርካሽ ነው። ለመጠጥም ለዉዱእም ይሆናል።
• የስፔን የትራፊክ ባለሥልጣን በየ2 ሰዓቱ ወይም በየ200 ኪሎ ሜትሩ ማረፍን ይመክራል። ዕረፍቱን ከሶላት ሰዓት ጋር ማገጣጠም ይቻላል፤ ሹፌሩም የሚበላው ያኔ እንጂ መሪ ይዞ አይሁን።
• የፕላስቲክ ከረጢት በክፍያ ስለሆነ የራስዎን ይያዙ።

ሐላሉ ግልጽ፣ ሐራሙም ግልጽ ነው፤ በመካከላቸው ያለውን አጠራጣሪ ነገር መተው ደግሞ ለዲን ጥንቃቄ ነው። በስፔን መደርደሪያ ላይ ግልጽ የሆነው ሐላል ሰፊ ስለሆነ አጠራጣሪውን በመተው የሚራብ ተጓዥ አይኖርም። አላህ መንገዱን ያቅልልን።