በዱባይ ሜትሮ፣ አውቶቡስና ታክሲ አጠቃቀም፦ ለአዲስ ገቢዎች



ዱባይ ለሥራ፣ ለንግድና ለዘመድ ጥየቃ ብዙ ወገኖቻችን የሚመላለሱባት ከተማ ናት። መንገዱ የተደራጀ ቢሆንም አሠራሩን የማያውቅ ሰው ቅጣት ይከፍላል፣ ይጭበረበራል፣ አንዳንዴም ሶላት ያልፈዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሁፍ አንድ አዲስ ገቢ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦችን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

ከኤርፖርት ሲወጡ

ሜትሮው ተርሚናል 1 እና ተርሚናል 3 ድረስ ይደርሳል። ተርሚናል 2 ግን የሜትሮ ጣቢያ ስለሌለው በፍላይዱባይ የሚገቡ መንገደኞች አብዛኛውን ጊዜ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ያስፈልጋቸዋል። በሜትሮ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሻንጣ ይዞ መሳፈር ይቻላል። ከዚያ በላይ ጓዝ ያለው ታክሲ ይያዝ።

በር ላይ ቀርቦ «በርካሽ ላድርስሽ» የሚል ሰው መኪናው የታክሲ ምልክትና ቆጣሪ ከሌለው ሕጋዊ አይደለም። ቋንቋችንን የሚናገር መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በተለይ ለቤት ሥራ የምትገባ እህታችን ፓስፖርቷንና ስልኳን ለሾፌር መስጠት የለባትም። የሚቀበላትን ሰው ስምና ስልክ፣ የምትሄድበትን ቤት አድራሻም በወረቀት ጭምር ትያዝ፤ ስልክ ባትሪ ሊጨርስ ይችላል።

የኖል ካርድ

በዱባይ አውቶቡስ ውስጥ ገንዘብ የሚቀበል ረዳት የለም። ክፍያው ኖል በሚባል ካርድ ነው። ብርማው ካርድ 25 ድርሃም ሲሸጥ 19 ድርሃሙ ለጉዞ የሚያገለግል ሂሳብ ነው። ቀዩ የወረቀት ቲኬት ለጥቂት ቀን እንግዳ ይሆናል፤ ነገር ግን በየጉዞው 1 ድርሃም ይጨምራል።

ከተማዋ በ7 ዞኖች ተከፍላለች። በብርማው ካርድ በአንድ ዞን ውስጥ 3 ድርሃም፣ ሁለት ተጎራባች ዞኖችን ለሚያካትት ጉዞ 5 ድርሃም፣ ከዚያ በላይ 7.5 ድርሃም ይቆረጣል። ሩቅ ለሚሠራ ሰው ደርሶ መልሱ 15 ድርሃም ስለሚሆን ካርዱ ላይ ከዚህ ያነሰ ሂሳብ ይዞ ከቤት መውጣት አይመከርም። ታሪፍ ሊለወጥ ስለሚችል ጣቢያው ላይ ያለውን ማየት ጥሩ ነው።

ካርዱ ሲገቡም ሲወጡም ይነካል። ከአውቶቡስ ሲወርዱ መንካት የረሳ ሰው ከሄደበት በላይ ሊቆረጥበት ይችላል። ከሜትሮ ወርደው በ30 ደቂቃ ውስጥ አውቶቡስ ከያዙ ግን እንደ አንድ ጉዞ ይታሰባል።

ሜትሮው

ያለ ሾፌር የሚሄደው የዱባይ ሜትሮ ቀዩ መስመር በ2009፣ አረንጓዴው በ2011 ነው የተከፈተው (በፈረንጅ አቆጣጠር)። ሁለቱ መስመሮች ዩኒየንና ቡርጁማን ጣቢያዎች ላይ ይገናኛሉ። በአረንጓዴው መስመር በአቡ በክር አስ-ሲዲቅና በሶላሑዲን ስም የተሰየሙ ጣቢያዎች ስላሉ ለማስታወስ አይከብዱም።

ለሴቶችና ለሕጻናት የተለየ ክፍል አለ፤ መሳፈሪያው ላይ በሮዝ ቀለም ይታወቃል። ወንድ ከገባበት 100 ድርሃም ይቀጣል። መብላት፣ መጠጣትና ማስቲካ ማኘክም 100 ድርሃም ያስቀጣሉ። ሳይከፍል የተሳፈረ 200 ድርሃም ይከፍላል። ቅጣቱ ባይኖርም እንኳ ሳይከፍሉ መሳፈር የሌላን ሐቅ መብላት መሆኑን አንርሳ።

የሰዓት ስህተት

የዱባይ ሰዓት ከአዲስ አበባ በ1 ሰዓት ይቀድማል፣ አቆጣጠሩም የፈረንጅ ነው። እሁድ ሜትሮው በ8 ሰዓት ይጀምራል ሲባል በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ለሥራ ቅጥር ወይም ለበረራ ቀጠሮ ስትይዙ «በየትኛው አቆጣጠር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ታክሲ

ሕጋዊ ታክሲዎች አካላቸው ክሬም ቀለም ሲሆን ጣራቸው እንደ ድርጅቱ ይለያያል። ጣራቸው ሮዝ የሆኑት በሴቶች የሚነዱ፣ ሴቶችንና ቤተሰብን የሚጭኑ ናቸው። ከኤርፖርት የሚነሳ ታክሲ ቆጣሪው ከ25 ድርሃም ይጀምራል። ሴት ብቻዋን ከሆነች ከኋላ ትቀመጥ፣ የመኪናውን ቁጥርም ለዘመድ ትላክ። እቃ ታክሲ ውስጥ ከጠፋ በ8009090 ተደውሎ ይጠየቃል፤ የተቆረጠ ደረሰኝ ካለ መኪናውን ማግኘት ይቀላል። አደጋ ላይ የወደቀ ሰው ፖሊስን በ999 ይጥራ።

የወደቀ እቃ ያገኘ ሰውም ለጣቢያው ሠራተኛ ያስረክብ። በሸሪዓችን የወደቀ ንብረት ባለቤቱ እንዲያገኘው የሚፈለግ አማና ነው።

ሶላት በመንገድ ላይ

ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ሱና ሶላትን በግመላቸው ላይ ሆነው ወደ ዞረችበት አቅጣጫ ይሰግዱ እንደነበር፣ ለፈርድ ሶላት ግን ወርደው ወደ ቂብላ ይዞሩ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። በከተማ ውስጥ የሚመላለስ ነዋሪም ሶላቱን አያሳጥርም። ስለዚህ ወርዶ መስገድ የሚችል ሰው ፈርዱን ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገዱ አይበቃም።

ትልቁ ፈተና መግሪብ ነው። በክረምት ፀሐይ የምትጠልቀው ሠራተኛው ወደ ቤቱ በሚጎርፍበት ሰዓት ሲሆን ወቅቱም አጭር ነው። ከመሳፈራችን በፊት የአዛኑን ሰዓት እንይ፤ ከቀረበ ሰግደን እንነሳ፣ ካልሆነም መንገድ ላይ ወርደን እንስገድ። በዱባይ መስጊድ በየሰፈሩ አለ፤ የገበያ ማዕከላትም ለወንድና ለሴት የተለየ መስገጃ አላቸው። ሲሳፈሩ በሱረቱ ዙኽሩፍ አንቀጽ 13 እና 14 ላይ ያለውን የጉዞ ዱዓ ማለትም አይረሳ።

ይህን መረጃ በቅርቡ ወደ ዱባይ ለሚሄዱ ቤተሰቦቻችሁ ከመነሳታቸው በፊት አድርሱልን። አላህ መንገዳችሁን ሰላም ያድርገው።