ጋፋትና ቤተልሔም

ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ1831 ዓ.ም. ሸዋ ገብቶ እስከ 1834 ዓ.ም. በአንኮበርና በአካባቢው ሲቀመጥ፣ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የለመነው ልጆችን የማስተማር ፈቃድ ነበር። ንጉሡም ስድስት ልጆች ሊሰጡት ቃል ከገቡ በኋላ፣ አገራቸው ከሃይማኖት መምህር ይልቅ ሐኪም፣ ግንበኛና አንጥረኛ እንደሚያስፈልጋት ነግረው ነገሩን ተዉት። ክራፕፍ በ1847 ዓ.ም. ከማርቲን ፍላድ ጋር ሆኖ በዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ሲቀርብም የጠበቀው ያው የአንኮበሩ ጥያቄ ነው፤ ሰባኪ ሳይሆን ባለ እጅ ይምጣ የሚል።

ለጥያቄው መልስ የተሞከረው በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት ነው። ደብረ ታቦር በራስ ጉግሣ ተቆርቁራ የቴዎድሮስ መናገሻ የሆነች ደገኛ ከተማ ናት። ከክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የተላኩት ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ማየር በ1850ዎቹ ዓ.ም. በጋፋት ሠፈሩ፤ ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ቡርጎም ተጨመሩ። ሰዎቹ ያሰቡት የእጅ ሥራን ከወንጌል ጋር ለማስፋፋት ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ያዘዙዋቸው ግን መድፍ ነበር። መድፍ ማቅለጥ አናውቅም ብለው ቢያመለክቱም ግዴታው አልተነሣላቸውም። ከብዙ ሙከራና ክሽፈት በኋላ ምድጃው ሠመረ፤ በመጨረሻም 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ።

ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ገደሉ እየተናደ፣ መንገዱ እየተጠረገ መቅደላ እስኪደርስ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። ይህን ጉዞ ለንጉሡ ቆራጥነት ምስክር አድርጎ መጥቀስ የተለመደ ነው፤ ጠፍሩን በትከሻው የሳበውን ሠራዊትና ሕዝብ የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ባለ እጆቹን ይዞ ከአገር ወጣ። ቫልድማየር ቆይቶ በሊባኖስ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ጋፋት ግን ባዶዋን ቀረች።

ከዚያው አገር ሳይወጡ፣ በጋይንት ምድር፣ ሌላ የሙያ ቤት አለ። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ የሚማረው ተማሪ ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን በቃሉ ያጠናል፤ ይዘቱን፣ ደረቱን፣ ድፋቱን፣ ቅናቱን፣ ጭረቱንና ርክርኩን ለይቶ ያውቃል። እነዚህን ምልክቶች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሯቸው ይተረካል። ተማሪው ድጓውን በገዛ እጁ በብራና ይጽፋል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ተፈትኖ ሲመሰከርለት እርሱም በተራው ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። ንጉሥ ቢነግሥ ንጉሥ ቢሞት ጉባኤው አልተበተነም፤ ሕልውናው በአንድ ሰው ትእዛዝ ላይ አልተንጠለጠለምና።

የክራፕፍና የፍላድ ትውልድ አገር የሆነችው ቩርተምበርግ በዚያው ዘመን የሠራችውን መመልከት ነገሩን ያብራራል። ትሮሲንገን በተባለች ትንሽ ከተማዋ ማቲያስ ሆነር የተባለ ሰዓት ሠሪ በ1857 እ.ኤ.አ. በአፍ የሚነፋውን ሃርሞኒካ መሥራት ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ያወጣው 650 ያህል ብቻ ነበር። ሥራው ከቤተሰብ ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ፋብሪካ እየሰፋ ሄዶ የሆነር ሃርሞኒካ በዓለም የታወቀ ሆነ፤ ትሮሲንገንም ዛሬ የሃርሞኒካ ሙዚየምና ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያላት ከተማ ናት። በዚያ የብረቱና የዜማው ሙያ በአንድ ጣሪያ ሥር አደሩ። በደብረ ታቦርና በጋይንት ግን ሳይተዋወቁ ተለያዩ።

ለዚህ የባዕዳኑ መሄድ ብቻ በቂ ምክንያት አይሆንም። የድጓው መምህር «የኔታ» ተብሎ ሲከበር፣ ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራለት ቀጥቃጭ ቡዳ ይባል ነበር። በዚህ ዓይነት ማኅበረሰብ ውስጥ ማን ልጁን ለምድጃ ይሰጣል? በእርግጥ ዜማም ቢሆን የተከበረው በቤተ ክህነት ቅጥር ውስጥ ነው፤ ማሲንቆ ይዞ በየግብሩ የሚዞረው አዝማሪ ከቀጥቃጩ የተሻለ ስም አልነበረውም።

በ1848 ዓ.ም. ከሸዋ ተማርኮ ተወስዶ እስከ 1857 ዓ.ም. በቴዎድሮስ እጅ ያደገው የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ ነገሥታት ለባለ እጅ ያላቸውን ጉጉት ከልጅነቱ ያየ ሰው ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ተብለው ከነገሡ በኋላ፣ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ የወጣው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ሴባስቶፖል መቅደላ በወጣ በ40 ዓመቱ።