ስለ ኬላና ስለ እህል ገበያ

መካነ ሰላም ያለበትን የቦረናን ደጋ በምዕራብ በኩል ከጎጃም የሚለየው የዐባይ በረሃ ነው። በረሃውን እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ነጋዴ ድካሙን ችሎ ይሻገረዋል፤ ሰው የሠራው ኬላ ግን ከበረሃው ይልቅ የከበደበት ዘመን ነበረ። ስለዚህ ነገር ከታሪክ ጥቂት እናስታውስ።

በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ቄስ አልቫሬዝ ስለ አሞሌ ጨው ጽፎልናል። ጨው ከሚቆረጥበት ስፍራ በአንድ ድራክማ ወርቅ 120 ወይም 130 አሞሌ ይገኝ ነበር፤ ከገበያ ወደ ገበያ እያነሰ ሄዶ ከንጉሡ ከተማ ሲደርስ በዚያው ወርቅ የሚገኘው 6 ወይም 7 ብቻ ሆነ። ርቀት ዋጋን ይጨምራል። በኋላ ዘመን ደግሞ ከምጽዋ ወደ ጎጃም የሚሄድ ነጋዴ በየአገሩ ኬላ ቀረጥ ይከፍል ነበር፤ የቀረጡም ሸክም በመጨረሻ በሸማቹ ድኻ ላይ ወደቀ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን በደርግ ዘመን የሆነው ነው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህሉን በተወሰነ ዋጋ ከገበሬው ይሰበስብ ነበር፤ በጎጃም የግል የእህል ነጋዴ ተከለከለ፤ እህል ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር እንዳይሻገርም ኬላ ቆመ። አሳቡ ለከተማው ሕዝብና ለሠራዊቱ ቀለብ በርካሽ እንዲገኝ ነበር። ፍሬው ግን የጎጃም ገበሬ በርካሽ ሲሸጥ የወሎ ሸማች በውድ መግዛቱ ሆነ። የ1977 ዓ.ም.ን ረኃብ ያመጡት ድርቅና ጦርነት ናቸው፤ ኬላው ግን የጎረቤትን እህል ከተራበው ሰው አራቀው። በመጋቢት 1982 ዓ.ም. ክልከላው በተነሣ ጊዜ እህል በተረፈበት አገር ዋጋው ከፍ፥ በጎደለበት አገር ዝቅ እያለ ተቀራረበ።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ያልተማረ ሕዝብ ከተማረ ሕዝብ ጋር ቢነግድ ድካሙ ለሌላው ይሆናል ብለው ማስጠንቀቃቸው እውነት ነው። ነገር ግን የዚህ መድኃኒቱ ትምህርትና ሥራ እንጂ በር መዝጋት አይደለም። ከባዕድ ጋርም ቢሆን በር በተዘጋ ጊዜ ዋጋውን የሚከፍለው የገዛ ወገናችን ነው።

መንግሥት ያለ ግብር እንደማይቆም እናውቃለን፤ ግብሩ ግን በታወቀ ስፍራ አንድ ጊዜ ይከፈል። የዐባይን ገደል መደልደል ለሰው አይቻልም፤ ኬላን ማንሣት ግን ይቻላል።